የበርሜሉ ባልንጀሮች

ብረት ይብላኝ፣ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ይህን የምለው የመኪናዬን ቁልፍ ምላሴ ላይ አድርጌ ነው። በእኛ በዮሩባዎች ዘንድ የብረት ጌታ ኦጉን ነው፤ በብረት ምሎ የዋሸ ሾፌር ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ይከዳዋል። ስለዚህ «ሙፉ ቀጣፊ ነው» የሚለውን የኢባዳንን ሐሜት ለጊዜው ተዉትና ስሙኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ጆሮዬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፤ ተሳፋሪ የሚጥለውን ሁሉ ይለቅማል።

ደረቁ የሐርማታን ነፋስ ከተማውን አቧራ ባለበሰበት ሰሞን፣ በኦጄ ገበያ በኩል ቀስ እያልኩ ተሳፋሪ ስፈልግ አንዲት አሮጊት መንገዱ መሀል ገብተው ቆሙ። ጎረቤቴ ኢያ ማሎሞ ናቸው፤ የማሎሞ እናት ማለት ነው። በጨርቅ የታሰረ ትኩስ ድስት በሁለት እጃቸው አቅፈዋል።

«ኢያ፣ ሌላ ሾፌር ቢሆን እኮ ድስቱንም እርስዎንም ጠርጎ ይሄድ ነበር» አልኳቸው።

«አንተ ቀጣፊ፣ በሩን ክፈት። ሕፃናት በበረዶ ወደሚያስሩበት ክሊኒክ ውሰደኝ።»

«ድስቱ ውስጥ ምንድን ነው?»

«አደንጓሬ በቀይ ዘይት።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለባልንጀሮቹ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ማርሹ አልገባልኝ አለ። አቢኩ የምንለው ለመሞት የሚወለደውን ልጅ ነው። ይወለዳል፣ እናቱን ያስቃል፣ ከዚያ በወዲያኛው ዓለም ያሉ ባልንጀሮቹ ይጠሩትና ይሄዳል። ደግሞ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል። እንዳይጠሩት አደንጓሬ ይቀቀልና በእነሱ ምትክ የሰፈር ሕፃናት ይመገባሉ። ስለ ባልንጀሮቹ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። እኔ ሁሉን በቀልድ የማልፈው ሰውዬ እንኳ መስኮቱን ዘጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማሎሞና ባሏ ሁለቱም በደማቸው የማጭድ በሽታ የሚባለውን ተሸክመዋል። እነሱን አያማቸውም፤ ከሁለቱም ወገን የወረሰ ልጅ ግን ደሙ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፣ አጥንቱን እያመመው ይኖራል ወይም በልጅነቱ ይቀራል። ስለዚህ ክሊኒኩ ጽንሶችን ከማህፀን ውጭ ፈጥሮ መረመረና ጤነኛውን ለማሎሞ ሰጣት፤ ሮቲሚ ተወለደ። በሽታው ያለባቸው የቀሩት ጽንሶች በበርሜል ውስጥ በረዶ ሆነው ቆዩ። አሁን ክሊኒኩ ደውሎ ጠየቀ፦ ይቆዩ? ይወገዱ? ወይስ ለምርምር ይሰጡ? ባሏ ለምርምር ብሎ ፈርሟል። ማሎሞ ደግሞ ያለ እናቷ ቡራኬ እንኳን ወረቀት ልትፈርም፣ ቁራጭ ጨርቅም አትገዛም።

«ስልኩ በተደወለበት ቀን ሮቲሚን ትኩሳት ያዘው» አሉ ኢያ ከኋላ ወንበር። «እነዚያ የእሱ ባልንጀሮች ናቸው፤ አብረውት ተፈጥረው እሱ ብቻ የወጣ። ከታሰሩበት ቢፈቱ ይዘውት ይሄዳሉ። ሦስት ልጆቼን ቀብሬያለሁ ሙፉ። አራተኛ መቅበር አልችልም።»

የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞርኩት፤ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው።

የክሊኒኩ ዘበኛ ድስቱ ካልተፈተሸ አለ። «ከጤና ሚኒስቴር የመጣ ናሙና ነው፤ ክዳኑን የከፈተ ፀጉሩ ይረግፋል» አልኩት። ዘበኛው ኮፍያውን አጥብቆ አሳለፈን።

ማሎሞ ሮቲሚን በጀርባዋ አዝላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። የሕፃኑ ግንባር ከድስቱ ይብስ ይፋጅ ነበር። ከውስጥ አንዲት ወጣት ወጣች፤ ቦላንሌ ትባላለች፣ የጽንስን ጥበብ ተምራ በርሜሎቹን የምትጠብቅ። ኢያን ስታይ ነጭ ካፖርቷን ሰብስባ በሁለት ጉልበቷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«ኢያ፣ እንደምን አደሩ?»

«ተነሺ ልጄ፣ ካፖርትሽ ይቆሽሻል። ያሳደገሽ ይባረክ። አሁን እነዚያን ልጆች የት እንዳሰርሻቸው አሳዪኝ።»

«ልጆች አይደሉም ኢያ።»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

«ጅምር ናቸው። ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳሉ። ልብ የላቸውም፣ ደም የላቸውም፣ እትብት እንኳ አላበጁም።»

ኢያ ድስቱን ከፍ አደረጉ። «ይሄ አደንጓሬ ሳልቀቅለው መሬት ቢያገኝ ይበቅል ነበር። ያልበቀለ ዘር ዘር ነው እንጂ አፈር አይባልም።»

እዚህ ላይ የተማረው ወገን የተሸነፈ መሰለኝ። ቦላንሌ ግን አልተቆጣችም፤ አንዳንድ ምሁር እንደሚያደርገው መነጽሯንም አላወለቀችም።

«ልክ ነዎት፣ አፈር አይባልም» አለች። «አፈር ቢሆኑ ልጅዎን ለምን እንጠይቃት ነበር? አፈር ለመዛቅ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? የምንጠይቀው ክብር ስላላቸው ነው።»

«ስትጨርሺ ምን ታደርጊያቸዋለሽ? ሳታቆላምጪ ንገሪኝ።»

«በረዶውን እናቀልጣለን። ከዚያ ከውስጣቸው ግንደ ህዋስ የሚባለውን እናወጣለን። ከአንድ ግንድ ቅርንጫፉም ቅጠሉም እንደሚወጣ፣ ከእሱም ደም፣ ቆዳ፣ የልብ ሥጋ ሊወጣ ይችላል። ያንን እያባዛን እናጠናለን።»

«ጽንሱስ?»

«ያበቃለታል።»

«ይሞታል በያ።»

ማሎሞ አንገቷን ደፋች። ቦላንሌ ከኢያ ዓይን ሳትሸሽ መለሰች።

«ይሞታል የሚሉ አሉ። ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ሰው ነው የሚሉ ቄሶች አሉ፤ ነፍስ ገና አልገባበትም የሚሉ ኢማሞችም አሉ። እኔም ራሴ ያልጠራልኝ ቀን አለ። ለዚህ ነው ገደብ ያበጀነው፦ ከሁለት ሳምንት በላይ አናሳድግም፣ ማንም ማህፀን ውስጥ አናስገባም፣ አንሸጥም አንገዛም፣ ወላጅ እምቢ ካለ አንነካም።»

«መድኃኒቱስ? በሬዲዮ አንዱ በዚህ ነገር ስኳሩንም ሽባውንም በመርፌ አድናለሁ ሲል ሰምቻለሁ።»

«እሱ ቤትዎ ቢመጣ ዶሮዎን ያስገቡ፤ ሌባ ነው» አለች ቦላንሌ። «በማጭድ በሽታ ተይዘው ከወንድም ወይም ከእህት መቅኒ ተወስዶላቸው የዳኑ አሉ፤ ያ ሌላ መንገድ ነው። ከእነዚህ ግን ገና እየፈለግን ነው። በእርስዎ ዕድሜ ላይገኝ ይችላል፤ በእኔም ዕድሜ።»

ይህን ስትል መብራት ጠፋ። በኢባዳን መብራት መጥፋቱ ወሬ አይደለም፤ ሰዓት መምረጡ ነው ወሬው። ኮሪደሩ ጨለመ፤ በአንዲት ትንሽ መስኮት በኩል የሐርማታን ቡናማ ብርሃን ብቻ ገባ። ከጨለማው ሮቲሚ ሲቃ እንደያዘው ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ከበርሜሎቹ ክፍል ደግሞ ቲክ፣ ቲክ የሚል ነገር መጣ፣ ጥፍር በቆርቆሮ ላይ እንደሚመታ።

«እየጠሩት ነው» አሉ ኢያ።

«በረዷማ ብረት ነው ኢያ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል» አለች ቦላንሌ፤ እሷም ግን ወደ በሩ ዞር ስትል አይቻለሁ።

ጄኔሬተሩ አጉረምርሞ ተነሳ። መብራቱ ሲመለስ ኢያ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ድስቱ ጭናቸው ላይ ነው።

«የእኔ ሦስቱስ?» አሉ። «እነሱን ማን ጠራቸው?»

«የጠራቸው የለም። እጅና እግራቸው ያብጥ ነበር?»

«ያብጥ ነበር።»

«ዓይናቸው ቢጫ ይሆን ነበር? አጥንታቸውን ይዘው ያለቅሱ ነበር?»

«በተለይ ብርድ ሲመጣ።»

«ያው የማጭድ ደም ነው። ከእርስዎም ከአባታቸውም የመጣ። አንድ ልጅ እየተመላለሰ አልነበረም፤ ሦስት ልጆች ነበሩ፣ በየተራ በአንድ በሽታ የታመሙ።»

ኢያ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። የተማረ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታውን ሽንፈት ብሎ ይጽፈዋል። እኔ ግን ጎረቤት ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ አሮጊቷ የሚፈሩት ባልንጀሮቹን ብቻ አልነበረም።

«ሦስተኛው ሲሞት» አሉ በመጨረሻ፣ «ልማዱ ነውና ሬሳውን ጆሮው ላይ በቢላዋ ቆረጥኩት። ሲመለስ ምልክቱን አይቼ እንዳውቀው፣ እሱም አፍሮ እንዲቀመጥ። ከዚያ ማሎሞ ጆሮዋ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ይዛ ተወለደች። መጣልኝ ብዬ ማሎሞ አልኳት፤ ዳግም አትሂጂ ማለቴ ነው። አሁን አንቺ የተመለሰ ልጅ የለም ካልሽ፣ ያን ቀን የቆረጥኩት ማንን ነው? ምንም ያላጠፋ የገዛ ልጄን ነዋ?»

ማሎሞ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። የዚያን ጊዜ ቦላንሌ አጉል ማጽናኛ ብትናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ያበቃለት ነበር። እሷ ግን እንደገና ተንበረከከች፤ አሁን ለሰላምታ አይደለም፣ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ነው።

«ቢላዋው የገደለው ልጅ የለም ኢያ፤ ሞቶ ነበር። እርስዎ የፈለጉት ምልክት ነው፦ ይህ ሞት ዳግም ቤቴ ሲገባ ልወቀው አሉ። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። በበርሜሉ ያሉት የእነዚያን የሦስቱን የደም ውርስ የያዙ ናቸው። ደሙ የሚጎብጠው እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደሚመልሰው ከእነሱ ማየት እንችል ይሆናል። የእርስዎ ቢላዋ ጆሮ ላይ ፈለገ፤ እኛ ህዋስ ውስጥ እንፈልጋለን።»

«ባታገኙስ?»

«አላገኘንም ብዬ ራሴ ቤትዎ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

«ሮቲሚስ? ትኩሳቱስ?»

«ለእሱ በርሜል አያስፈልገውም፤ ጣቱን ወግተን አንዲት ጠብታ ደም እንይ። ወባ ይመስለኛል። እስከዚያ ከጀርባዋ አውርዱት፣ በሙቀት ታፍኗል።»

ኢያ ተነሡ። «በርሜሉን ክፈችውና ልየው» አሉ።

ቦላንሌ የዚያን ቀን ፈሳሽ ናይትሮጅን መሙላት ነበረባትና ከደፉ እንዳናልፍ አስጠንቅቃ የበርሜሉን ክዳን አነሣች። ነጭ ጭስ ወጣ። እንደ ምድጃ ጭስ ወደ ላይ አልሄደም፤ በበርሜሉ ጎን ወርዶ ወለል ለወለል እየተሳበ ወደ እኛ መጣ። ድምፅ የለውም። ማሎሞ ሕፃኑን አቅፋ ወደ ኋላ ሸሸች። እኔ ለመሮጥ አሰብኩ፤ ግን ከኢያ ጀርባ ተሸሸግኩ። ኢያ ብቻ በባዶ እግራቸው ከፊቱ ቆሙ። ጭሱ የእግራቸው ጣት ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያም እንደተገሰጸ ልጅ ተመልሶ ወደ በርሜሉ ሄደ።

ኢያ ጎንበስ ብለው የሦስቱን ሟች ልጆቻቸውን ስም ጠሩ፤ ስማቸውን እኔ እዚህ አልደግመውም። ከዚያ «ከእኔ የደበቃችሁትን ለእነዚህ የተማሩ ልጆች አሳዩ» አሉ። ወደ ማሎሞ ዞረው «ፈርሚ። እንዳይሸጡ ግን አስጽፊበት» አሏት።

አደንጓሬውን ከክሊኒኩ አጥር ውጭ ለሰፈር ሕፃናት አበላነው። ዘበኛውም አንድ ጭልፋ በላ፤ ኮፍያውን ግን አላወለቀም። የሮቲሚ በሽታ ወባ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱን ጀምሮ ትኩሳቱ እስኪለቀው ድረስ ኢያ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው እጁን አልለቀቁም። ማመን ማለት ፍርሃት በአንድ ጊዜ ተነሥቶ መሄድ አይደለም።

እንግዲህ ጥቅሙን ተመልከቱ። ዛሬ በሰፈራችን የሚጋቡ ልጆች ካሉ ቀድመው የሚያገኙት ኢያ ማሎሞን ነው። «ፍቅራችሁን አየሁ፤ ደማችሁን አሳዩኝ» ይላሉ። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ ተለያዩ አይሏቸውም፤ ቦላንሌ ጋ ሂዱ ይሏቸዋል። ልጅ ሲታመም ባልንጀሮቹን ሳይሆን ሐኪሙን ይጠራሉ። በተአምር መርፌ አድናለሁ የሚለውም ሰውዬ አንድ ቀን ሰፈራችን መጥቶ ነበር፤ ኢያ ዶሮዎቻቸውን አስገቡ። ከምርምሩ እስካሁን መድኃኒት አልወጣም። ቦላንሌ ግን በቃሏ መሠረት እየመጣች «ገና ነው ኢያ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «እኔም ገና አልሞትኩም» ይላሉ።

አሁን ቁልፉን ከምላሴ ላይ ላነሣው ነው። ነገ የሞላቴ ቁልቁለት ላይ ተሳፋሪ ጭኜ እወርዳለሁና ከራሴ የጨመርኩትን አንድ ነገር ልመን። ጭሱ ተመልሶ አልሄደም። የኢያን እግር እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሸፍኖ፣ አልፎ፣ የእኔንም እግር ነካ። ቀዝቃዛ ነበር። እሳቸው እግራቸውን አላነሡም።