የመታጠፊያው ቆርቆሮ

አናጺው የአልጋ ራስጌ አቅፈው ከሥራ ቤታቸው ወደ ዋናው መንገድ ሲወጡ፣ መታጠፊያው ላይ ለሰፈሩ ምክር ቤት ከምትወዳደረው አስተማሪ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። መተላለፊያው ራስጌም ሰውም በአንድ ጊዜ አያሳልፍም፤ ከሁለት አንዳቸው ወደ ኋላ መመለስ ነበረባቸው። አናጺው ደግሞ ሰሞኑን ለዚች ሴት ከመመለስ እዚያው ቆመው ቢያድሩ ይመርጣሉ።

ቂማቸው ያለ ነገር አልነበረም። አስተማሪዋ «ከተመረጥኩ ከሁሉ በፊት መተላለፊያውን አስፋፋለሁ» እያለች ቤት ለቤት ስትዞር ሰንብታለች። መታጠፊያውን አንቆ የያዘው ደግሞ የእሳቸው ሥራ ቤት የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። በዚህ ሰፈር አጥሩን ያደሰ ሁሉ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ ይተክላል፤ ጎረቤትም ነገ ተራው የእሱ ስለሆነ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እንዲህ እየተቻቻሉ መንገዱን መሽሎኪያ አደረጉት።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«ይመስገን። ልታፈርሺኝ ነው አሉ?»

«እርስዎን ማን ደፍሮ! ቆርቆሮውን ነው እንጂ።»

«የምሠራበትን ጠረጴዛ የት ላድርገው? አናቴ ላይ?»

«ወደ ውስጥ ቢገባ እንደሚጠብብዎ አውቃለሁ ጋሼ። በዋዛ የምጠይቅዎ ነገር አይደለም።»

«ያኛው ተወዳዳሪ እኮ ለሰፈሩ መግቢያ ትልቅ በር አሠራለሁ ብሏል። የተቀረጸ በር! አላፊ አግዳሚው አይቶ ‹እነዚህስ ሰዎች ናቸው› ይለናል። አንቺ ግን ሥራሽ ማፍረስ ሆነ።»

በሩን ማን እንደሚሠራው አልተናገሩም። መናገርም አያስፈልግም፤ በሰፈሩ ሌላ አናጺ የለም። በነገው የምርጫ ስብሰባ ግን አፍ አፋቸውን የሚያይ ብዙ ሰው ስላለ፣ አስተማሪዋ ዛሬ ካላሳመነቻቸው ነገሩ አበቃለት።

«በሩ ያምር ይሆናል። አምቡላንስ መጥቶ እዚያ በር ሥር ይቆማል። ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ ሰው ተሸክሞ ያወጣል! አልጋ እንኳ በሙሉው ስለማያልፍ በየክፍሉ ሠርቼ ሰው ቤት ገብቼ እገጥመዋለሁ። እስካሁን ማን ተቸገረ?»

«አልጋው ይፈታታል። ሰውስ?»

የአናጺው ፊት ተለዋወጠ። ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለው ቤታቸው ውስጥ ወሯ የገባ ልጃቸው ተኝታለች፤ እግሯ አባብጧል፤ ሐኪሙም ምጥ እንደጀመራት በፍጥነት እንዲያመጧት አጥብቆ አስጠንቅቋል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ልጄን ነገርሽ ውስጥ እንዳታስገቢ!» ብለው ጮኹባት።

አስተማሪዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ይቆጡኝ፤ አባት ነዎት። ብቻ ይህን ራስጌ እንደ ቃሬዛ አጋድመን ይዘን መታጠፊያውን እናዙረው። ካለፈ ከውድድሩ እወጣለሁ።»

አናጺው በንዴት አንዱን ጫፍ አቀበሏት። አጋድመው ይዘው ሲዞሩ ራስጌው ከቆርቆሮው ጋር ተላተመ። ሳብ አድርገው ደገሙት፤ እምቢ አለ። ያን ጊዜ አናጺው ዕቃ ሲያወጡ እንደለመዱት፣

«አዘንብይዋ! በጎኑ አቁሚው!» አሉ።

«ልጅዎ ላዩ ላይ ተኝታ ጋሼ?»

አናጺው ራስጌውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውንም ሊደብቁት አልቻሉም። ከዚያ ወደ ሥራ ቤታቸው ገብተው መዶሻና ጉጠት ይዘው ወጡና የቆርቆሮውን ምስማር ይነቅሉ ጀመር።

ድምፁን ሰምቶ ጎረቤት ተሰበሰበ። አናጺውም ሐሳቡ ከራሳቸው የመነጨ ይመስል ሥራቸውን ሳያቋርጡ መምከር ያዙ፤ አስተማሪዋም አላረመቻቸውም።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ለዛሬ ቃሬዛ ይለፍ። ሁላችንም አጥራችንን ከሰበሰብን ደግሞ አምቡላንሱ ራሱ ደጃችን ይደርሳል። እሳት ቢነሳ ውኃ የጫነው መኪና ይገባል። ቆሻሻ የሚያነሳውም ጋሪ ‹አላልፍም› ብሎ አይመለስብንም። እኔም አልጋዬን ገጥሜ በሙሉው አስረክባለሁ። በሩ ይቆየን!»

ከቤት ውስጥ የልጃቸው ድምፅ ተሰማ፦ «አባዬ፣ ምንድን ነው የምትቀጠቅጠው?»

አናጺው መዶሻቸውን አወረዱ።

«ምንም አይደል የኔ ልጅ። መውጫሽን እየሠራሁ ነው።»