የተቧጨረው ፊት

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከማስተምርበት ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ ስሄድ ዘመዴን አቶ ጣሰውን መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠመንጃ ይዘዋል፤ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። ወንድማቸው አውድማ ላይ ተገድሎ ከተገኘ ዓመት ሆኖታል፤ ደሙን ሳይመልሱ ላይላጩ ምለዋል። ወዴት እንደሆነ ብጠይቃቸው ጎረቤታቸውን ወልደ ሰንበትን ሊገድሉ መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩኝ።

«ሲገድል ያየው ሰው አለ?»

«የለም። ልቤ ነግሮኛል።»

ልባቸው የነገራቸው ይህን ነው፤ ወልደ ሰንበት ለቀብር አልመጣም። በሰልስቱ ሲመጣ ደግሞ ፊቱ ተቧጭሮ ነበር። ወንድሜ ሲታገለው የቧጨረው ነው ብለው በጠመንጃ አባረሩት። ከዚያ ወዲህ ስሙን በፊታቸው ለማንሣት የደፈረ የለም። እኔ መቼም ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን ስሰማ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ።

«እርስዎ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ ሰው ነዎት። አንዲት የዜማ ምልክት ስትጠፋብዎ ልቤ ነግሮኛል ብለው ይጽፋሉ?»

«ምን ቆርጦኝ! መምህሩን እጠይቃለሁ እንጂ።»

«ለሰው ነፍስስ ለምን አልጠየቁም?»

«ድጓ ሌላ፣ ደም ሌላ። ሱባዔ ገብቼ ጸልዬበታለሁ። እግዚአብሔር ባይፈቅድ ልቤን ይመልሰው ነበር።»

«ንዴትዎን ይዘው ገቡ፣ ንዴትዎን ይዘው ወጡ። ልብ የሚለው ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ ከሆነ ማስተዋልን ለምን ሰጠን? ክርስቲያን ልቡ ሲገፋው ቆም ብሎ ይመረምራል። አብረን ሄደን እንጠይቅ፤ ጥፋተኛ ከሆነ ዳኛ አለ።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ እሺ እንሂድ፣ ጠመንጃዬን ግን አላስቀምጥም ብለው ተነሡ።

የወልደ ሰንበት ሚስት ቦጋለች ጠመንጃውን ስታይ በሩን በሰውነቷ ዘጋች። ባሏ ለምን ከቀብር እንደቀረ፣ ፊቱንም ማን እንደቧጨረው ጠየቅኋት። የመለሰችው ግን ለእኔ አልነበረም፤ አቶ ጣሰውን እያየች ነበር።

«ልጃችን ውብነሽ ምጥ ጠናባት ብለውን፣ ወንድምዎ ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት ባሏ አገር እስቴ ሄደናል። እናንተ ወንድምዎን ስትቀብሩ እኛ እሷን እንቀብር ነበር። ፊቱን የነጨው በገዛ ጥፍሩ ነው። የራሱን ልቅሶ ትቶ ለእርስዎ ሊያለቅስ መጣ። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ ደጃችንን አልረገጡም።»

አቶ ጣሰው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጡ።

«አንድ ጊዜ እንኳ፣ ፊትህን ምን ሆንክ አላልኩትም» አሉ።

ወልደ ሰንበት ድምፅ ሰምቶ ከጓሮ መጣ። አቶ ጣሰው ቀና ብለው ሳያዩት ምላጭ እንዲያመጣ ለመኑት። ከኋላቸው ቆመ፤ አንገታቸውን ሰጡት፤ ያን የዓመት ፀጉር ላጨላቸው።

የወንድማቸው ገዳይ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ደም ሳይመልስ ተላጨ እያሉ የሚያሟቸውም አሉ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ስለተጠየቀ የሁለት ቤት ልጆች አባት አላጡም፤ አንድ ንጹሕ ሰው ዛሬም እርሻውን ያርሳል፤ አቶ ጣሰውም እንደማንኛውም ክርስቲያን ቄስ ፊት ቆመው ይቆርባሉ። በዚያው ጥር ሁለቱ ጎረቤታሞች ወደ እስቴ አብረው ሄዱ። አቶ ጣሰው የሄዱት ዓመት ዘግይተው የውብነሽን ልቅሶ ሊደርሱ ነው።