ትኩስ አመድ እስኪለብስ
የሁለት ዓመት ልጄ ከሞተ በኋላ ወደ ጋራዥ የተመለስኩ ዕለት ነው። የተሰነጠቀ የሞተር ብሎክ እየበየድኩ ነበር። ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን የሚቀመጡበት የድሮ ሞተር ነው፤ መለዋወጫ አሰላም አዲስ አበባም አይገኝለትም። እንዲህ ያለው ብረት ከሰል ላይ በደንብ ይግላል፤ እንደጋለ ይበየድና ትኩስ አመድ ይለብሳል። መሃል ላይ ብርድ ካገኘው እንደገና ይሰነጠቃል። ግማሽ ላይ ስደርስ የሞተሩ ባለቤት ጋሽ በቀለ ከጮሌ ከተማ መጡ። መርዶውን የሰሙት ገና ያን ጠዋት ነው። "ወይኔ ልጄን! ወይኔ!" እያሉ ከበሩ ሲገቡ ይበልጥ ወደ ብሎኩ አጎነበስኩ።

"ጋሼ፣ አሁን አያስለቅሱኝ" አልኳቸው። "ዓይኔ እንባ ካቀረረ ስንጥቁ አይታየኝም። ሞተርዎ አለቀለት ማለት ነው።"

"ሞተሩ ገደል ይግባ! ተወው!"

"አልተወውም። ይሄን እንኳ ላድን።"

ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ግድግዳው ሥር የተደገፈ ቆርቆሮ አንስተው፣ በበሩ የሚገባውን ነፋስ በሁለት እጃቸው ከለሉልኝ። ቆርቆሮው ይንቀጫቀጫል፤ እሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም። የስንጥቁ ጫፍ ሲዘጋ ብሎኩን አመድ አለበስኩትና ሁለታችንም ጆሯችንን ሰጠን። ቋ የሚል ድምፅ የለም። ጋሽ በቀለ ቆርቆሮውን አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አሁንስ ይቻላል?" አሉኝ።

"ይቻላል" ልል አፌን ስከፍት ለቅሶው ቀደመኝ።