ከነፍርሃታቸው ውሃ የገቡት ጋሽ መፍቻ

የተወደዳችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን ሰው አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው ከእጃቸው በማይለየው መሣሪያ ምክንያት ሰፈርተኛው ባወጣላቸው ስም ነውና፣ እኛም ቤተሰቦቻቸው ጋሽ መፍቻ እያልን የኖሩትን ኑሮ በአጭሩ እናነባለን።

ጋሽ መፍቻ ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በዘጠኝ ዓመታቸው፣ አባታቸው ቆፍረው ገና ባልከደኑት የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው በገመድ ተጎትተው ከወጡ ወዲህ፣ ፊታቸውን እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ከመጥረግ በቀር ውሃ ረጭተው ታጥበው አያውቁም ነበር። ትምህርታቸውን ጨርሰው የሙያ ማሠልጠኛ ሲገቡ የቧንቧ ሥራን መምረጣቸው ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ቢያስገርምም፣ እርሳቸው ግን ውሃን ብረት ውስጥ ቆልፎ እንደማስቀመጥ የሚያስደስት ነገር የለም ይሉ ነበር።

በዚህ ሙያ አርባ ዓመት ሲያገለግሉ፣ ደንበኛው ቢቸኩልም ቢቆጣም፣ ቫልቩን ዘግተው በመስመሩ ያለውን ውሃ አፍስሰው ሳይጨርሱ ሥራ የጀመሩበት ቀን የለም። ባለቤታቸውን ያገኙትም በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት የሚያፈስ ቧንቧ ሊጠግኑ ሄደው ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ለማይፈጅ ሥራ ሦስት ቀን መመላለሳቸውን ባለቤታቸው እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ጋሽ መፍቻ ስልሳ አንድ ዓመት ሲሆናቸው ባለቤታቸው በስትሮክ ተመትተው ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪሙ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ውሃ ለውሃ መራመድ በእግራቸው እንደሚያቆማቸው ቢነግራቸውም፣ ባለቤታቸው «እሱ ካልያዘኝ አልገባም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ይህ ከቶ አልራመድም እንደማለት መሆኑን የማያውቅ ሰው በቤቱ አልነበረም። ጋሽ መፍቻ ግን በማግስቱ ወደ መዋኛው ሄደው ለዋና ሥልጠና ተመዘገቡ።

በሦስተኛው ቀን፣ የልጃቸው እኩያ የሆነችው አሠልጣኝ የገንዳውን ጠርዝ እንዲለቁ ስትነግራቸው፣ መጣሁ ብለው ወጡና ወደ ገንዳው የውሃ ሞተር ክፍል ገብተው፣ እንደ ልማዳቸው ማፍሰሻውን በመፍቻቸው ከፈቱት። ከምሳ በኋላ ሠልጣኞች ሲመለሱ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። አሠልጣኟ «ጋሼ፣ ደረቅ ገንዳ ውስጥ ማን ይዋኛል?» አለቻቸው። ገንዳው እስኪሞላ ሁለት ቀን እዚያው ተቀምጠው የመጣውን ሠልጣኝ ሁሉ ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያም መፍቻቸውን በገዛ እጃቸው ለአሠልጣኟ አስረከቡ።

ጥርሳቸውን ነክሰው ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ለመንከር አሥራ አንድ ሳምንት፣ ገንዳውን በወርዱ ለማቋረጥ ደግሞ ስምንት ወር ፈጀባቸው። ልጆቻቸው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እያሉ ሲያስፈራሯቸው፣ እኔ ሳልስቅ ነው የምገባው ይሉ ነበር። በዘጠነኛው ወር ባለቤታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ዓመት ሙሉ ከውሃው እስኪወጡ መውጫ ደረጃውን ዞር እያሉ ያዩ እንደነበር ባለቤታቸው ይመሰክራሉ። ነገር ግን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስድስት ዓመታት፣ አንድም ቀን አልቀሩም።

ጋሽ መፍቻ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አሠልጣኟም አደራ የተቀበለችውን መፍቻ ይዛ በመካከላችን ትገኛለች። ባለቤታቸው ዛሬ ጠዋት መኪና ቀርቦላቸው ነበር፤ አልፈልግም ብለው ከቤታቸው እስከዚህ ድረስ በእግራቸው መጥተዋል።

እርሳቸው እየፈሩ የያዙትን እጅ እንዳልለቀቁ፣ ፈጣሪም ነፍሳቸውን አጥብቆ ይያዝልን።