ቁም ሳጥኑና ማኅደሩ

ተማሪዎቻቸው በስውር «ጋሼ ቁልፉ» የሚሏቸው ጡረተኛ የከርሰ ምድር ውሃ መምህር የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ እየተቆጡ ሲወጡ፣ እዚያው ከምትሠራው የእህታቸው ልጅ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። እጃቸው ላይ አዲስ የምርምር መጽሔት አለ። አንድ ወጣት ተመራማሪ የጉድጓድ ውሃን ጨዋማ የሚያደርገው የቱ አለት እንደሆነ «ለመጀመሪያ ጊዜ» አገኘሁ ብሏል። ይህን እሳቸው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አሳትመውታል፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲኳትኑ ወገባቸውን የጎዱበት ሥራ ነው።

«በጠራራ ፀሐይ ዘረፈኝ» አሏት፤ ወንበር ብትሰጣቸውም አልተቀመጡም።

ልጅቱ የጽሑፋቸውን ርዕስ ኮምፒውተሯ ላይ እንዲጽፉ ለመነቻቸው። በአንድ ጣት ለቅመው ጻፉ፤ ምንም አልመጣም። ያሳተመላቸው መጽሔት ከተዘጋ ቆይቷል፤ የድሮ ድረ ገጹን ሲከፍቱት ጫማ ይሸጥበታል። ያኔ ቁጭ አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጁ አልሰረቀዎትም። ፈልጎ አጣዎት። የደበቁት እርስዎ ነዎት።»

«እንዴት ተደርጎ? ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አኑሬው የለ?» አሉ። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ የወደደውን ይቆልፋል። ዕውቀት ግን ተቆልፎ ሲከርም ለባለቤቱም አይሆንም።

መምህሩ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። አደባባይ ያወጡትን ሌባ ይቀራመተዋል፣ መብቱም የአሳታሚው ነው ብለው ተከራከሩ። እሷም የተዘጋው መጽሔት አዘጋጅ ያኔ የጻፈላቸውን ደብዳቤ እንዲያመጡ ጠየቀቻቸው። በማግስቱ አመጡት። ሁለተኛውን ገጽ ገልጠውት አያውቁም፤ ጸሐፊው የመጨረሻ ቅጂውን በተቋሙ ማኅደር ሊያኖር እንደሚችል እዚያ በግልጽ ተጽፏል።

«የቤተ መጻሕፍታችን የኮምፒውተር ማኅደር ለጽሑፉ ቋሚ የድረ ገጽ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ቀኑም ይመሰክርልዎታል» አለቻቸው። «ቅጂው ሦስት ከተማ ይቀመጣል፤ የፋይሉ ዓይነት ሲያረጅ እኛ ወደ አዲስ እንቀይረዋለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?»

ጽሑፉ ማኅደር ገባ፤ አድራሻውም ለወጣቱ ተላከ። መልሱ ባልታሰበ ትሕትና መጣ። እርማት ለመጽሔቱ ልኳል፤ ጽሑፉን ቀድሞ አግኝቶት ቢሆን የሁለት ዓመት ድካም ይቀርለት፣ ጨዋማ ጉድጓድ ያላቸው መንደሮችም ቶሎ ንጹሕ ውሃ ይጠጡ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «ሌሎቹ ጥናቶችዎስ የት ይገኛሉ?» ብሎ ጠየቀ።

መምህሩ ይህን ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በነጋታው የቀሩትን አሥራ አንድ ጥናቶቻቸውን በካርቶን ተሸክመው መጡ።

«ቁም ሳጥኑስ ባዶውን ሊቀር ነው?» አለች ልጅቱ።

«ጫማዬን አስገባበታለሁ» አሉ። «ጽሑፌ የለቀቀው ቦታ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው።»