ኢንዛይሙ ሊያለያየን ሲመጣ

ልደታ ባለ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እየተማርኩ ነው። የባዮሎጂ መምህራችን ዲኤንኤ እንዴት እንደሚባዛ በኮምፒውተር አኒሜሽን እያሳዩን፣ ሁለቱ ሰንሰለቶች እንደ ዚፕ መከፈት ሲጀምሩ መብራት ድርግም አለ። “ተነሱ! አኒሜሽኑን እናንተው ትሠሩታላችሁ” አሉና ለእያንዳንዳችን ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱን ሰጡን። “ኤ” የሆነ መያዝ የሚችለው የ“ቲ”ን እጅ ብቻ ነው። እኔ “ኤ” ደረሰኝ። ዞር ስል ብቻዋን የቀረችው “ቲ” ሂሩት ናት፤ ከተኮራረፍን የሰነበትን ጓደኛዬ!

“ተያያዙ እንጂ!” አሉ መምህሩ። እያፈርን ተያያዝን። ሳቋ አመለጣት፤ እኔም አልቻልኩም። ወዲያው ሰንሰለቱን የሚፈታው ኢንዛይም ሆኖ የሚጫወተው ዳንኤል ሊያላቅቀን መጣ። ሂሩት እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ “ወግድ! ገና አሁን መታረቃችን ነው!” አለችው።

መምህሩ እየሳቁ፣ “በቃ፣ የዛሬው ዲኤንኤ አይባዛም” አሉ።