ይራመዳል ይላል እንጂ ይቆማል አይልም

እንደምን ዋልክ ጌታው? ... አይ፣ ሥራህን ሥራ። ጸጉር ልቆረጥ አይደለም የመጣሁት፤ የቀረችኝን ትንሽ ጸጉር በአደራ ነው የያዝኳት። ደንበኛህን ላጭተህ ጨርስ፣ እኔ እዚህች አግዳሚ ላይ ቁጭ እላለሁ። መስታወቱን ወልውለኸዋል ልበል? ዛሬ ፊቴ ከወትሮው ያምራል። የጋዋንህም ኮሌታ ተቀይሯል። እንዴት ያለ ስፌት ነው! ክሩ በየት እንደገባ አይታይም። የማን እጅ ነው ብዬ አልጠይቅህም... እኔ ምን አገባኝ?

እኚህን ሰውዬ እንቅልፍ ወሰዳቸው እንዴ? ዓይናቸው ላይ ፎጣ፣ አፋቸው ላይ አረፋ... ማን ይሁኑ ማን በምን አውቄ። ብቻ ደስ የሚሉ ሰው ናቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ አረፋ ግን እንደ ልቡ ይገባል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያ የጨዋታችን ዳኛ ትዝ ይለኛል። ስሙን አልጠራም። ስም መጥራት ሐሜት ነው፤ እኔ ደግሞ ላመሰግነው ነው። እኚህ ደንበኛህ ግር እንዳይላቸው ግን ላስረዳ። ጌታዬ፣ እርስዎ አይናገሩ፣ ምላጭ አለ። እኛ ጠረጴዛ ከበን የምንጫወተው ጨዋታ አለን። እያንዳንዳችን አንድ ጀግና እንፈጥራለን። እኔ ዋና የማይችል ወፍራም ሌባ ነኝ። ይኸ የሚላጭዎት ሰው አስማተኛ ነው፤ እስካሁን አስማቱ ያቃጠለው የራሱን ጢም ብቻ ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ደግሞ ቀስተኛ ነበረች። ዳኛው ዋሻውንና ጭራቁን ያወራልናል፣ እኛ ምን እንደምናደርግ እንነግረዋለን፣ ዳይስ የሚሏትን ባለ ቁጥር ጠጠር እንወረውራለን፣ የቀረውን እሱ ይፈርዳል። አስማተኛ ዕቃ ስናገኝ ካርድ ይሰጠናል። ካርዱን የሚጽፈው እሱ፣ የሚያነበው እሱ፣ የሚተረጉመውም እሱ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ሦስቱም አንድ ሥራ ይመስሉኝ ነበር...

ቀስተኛዋ ያገኘችው ጫማ ነው። «ይህን ጫማ ያደረገ በውሃ ላይ ይራመዳል» ይላል ካርዱ። አለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ተራምዶ ይሻገርና ያርፍ ነበር። የኛ ዳኛ ግን ከዚያች መስመር ውስጥ ስንቱን አወጣው! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው፤ እሱ ውሃውንም ከነገሩ ውስጥ ይቀዳዋል።

መጀመሪያ ሰሞን የነበረውን ቸርነት መቼም አትረሳውም። ቀስተኛዋ ከግዙፎቹ ንጉሥ ስታመልጥ የሾርባ ድስቱን እየተራመደች አልተሻገረችም? አብሮን የሚጫወተው የዳኛው እህት ባል «ሾርባ ውሃ ነው እንዴ?» ሲል፣ ዳኛችን ዓይኑን ሳያሽ፣ ጨው ስለገባበት ውሃነቱን አልካደም ብሎ ፈረደላት። ጭጋግ ላይ ሄደች፣ ተፈቀደ። ጤዛ ላይ ሄደች፣ ተፈቀደ። ያን ጊዜ የፈረስ ላብ ላይ ልሂድ ብትለው ፈረሱን ራሱ አስሩጦ ላቡን ያወጣላት ነበር። እንዴት ያለ ርኅሩኅ ሰው!

በዚያው ሰሞን ሱሪ ማሳጠር አበዛ። አንዱን ሱሪ ይዞ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ይመላለሳል። ረዘመብኝ ይላል፣ ታሳጥርለታለች። ደግሞ ረዘመብኝ ይላል። ሰውየው ነው የሚያጥረው ወይስ ሱሪው ነው የሚያድገው? መጨረሻ ላይ ቁምጣ ሆነ። ቁምጣውን ሊያሳጥር የመጣ ዕለት ነው የልቡን የነገራት። እኔ የጨርቅ ጥቅል ተሸክሜ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ጆሮዬን የት ላስቀምጠው? እሷም መቀሷን አስቀመጠችና በጨዋ ደንብ «እኔ አንተን እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» አለችው።

እስቲ አንተ ፍረድ። ይኸ ተርጓሚ ያስፈልገዋል? እኔ እንኳ ከነሸክሜ ገባኝ። እሱ ግን «እንደ ወንድም» ማለት «ወንድም» ማለት አይደለም ብሎ በማግስቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ያኔ «አይሆንም» አለችው። አጭር ቃል ናት... ካርድ ላይ ብትጽፋት ቦታ ይተርፋል።

የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ በጨዋታችን አንድ ሐይቅ ጋ ደረስን። ቀስተኛዋ በጫማዋ ከፊት፣ እኔ ሌባው ግንድ አቅፌ ከኋላ። መሀል ላይ ግንዱ ከዳኝና መንቦራጨቅ ጀመርኩ። እሷ ዞር አለች፤ ቆሜ እጄን እሰጠዋለሁ አለች። ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ቆምሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሰመጥሽ። ካርዱ ይራመዳል ይላል እንጂ ይቆማል አይልም።»

ዳይስ እንኳ አላስወረወራትም። ይኸን ያህል ጥንቃቄ! ካርዱን የጻፍከው አንተ አይደለህም ወይ ብትለው፣ «ከጻፍኩት በኋላ የኔ አይደለም፣ ሕግ ነው» አላት። ሁለት ዓመት ያሳደገቻትን ቀስተኛ፣ ታሪኳ የተጻፈበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት፣ ደህና እደሩ ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠችም። እኔን ስትጠብቅ ነው እኮ የሰመጠችው... እኔን ቦርጬ አንሳፍፎኝ ተርፌ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእህቱ ባል ጫማውን ከሐይቁ ሥር አውጥቶ አደረገው። ውሃው መሀል ቁጭ አለ። ዓሣ አጠመደ። ጋደም ብሎ አንኮራፋ። ጌታዬ ዳኛ፣ ይራመዳል አይደል የሚለው ብዬ ብጠይቅ፣ «መቀመጥ የመራመድ ዕረፍት ነው» አለኝ። ሰው እንዲህ ለዘመዱ ሲያስብ ደስ አይልም? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። እሱ ዘንድ ከአነጋገርም ይቀደዳል፤ የሚሰፋው ሌላ ሰው ነው።

የሱሪውና የሐይቁ ነገር ይገናኛል አላልኩም... ወጣኝ? ሱሪ ሌላ፣ ሐይቅ ሌላ። ምነው የእኚህ ሰውዬ ጆሮ እንዲህ ቀላ? ፎጣው ሞቀባቸው መሰለኝ። ቀስ በል ወንድሜ፣ ጉሮሯቸው ጋ ነህ።

ለማንኛውም የመጣሁት መልእክት ይዤ ነው። የዛሬው ጨዋታ እዚያ ዳኛው ቤት አይደለም፤ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ነው፣ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ። ዳኛዋም እሷ ናት። የእህቱ ባል ሳይቀር እመጣለሁ ብሏል። አንተማ ሳልነግርህ ሳታውቀው አትቀርም... የቀድሞው ዳኛችን ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ማንም ላይመጣለት ሊጠብቅ ነው ብዬ አዘንኩለት። እሱ ቢመጣስ ብዬ ጠየቅኳት። መርፌዋን ከአፏ አወጣችና «በሩ ክፍት ነው፣ ይግባ» አለች። ልበ ሰፊነቷ! ይግባ አለች እንጂ ይቀመጥ አላለችም... እሱን ለሚያውቅበት ትቼዋለሁ። እርግጥ ወንበር የምታስገኝለት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተሳስቻለሁ» የምትል። ምን ዋጋ አለው፣ ትርጓሜ የማትፈልግ ቃል አትጥመውም።

በል ልነሳ። ሳልመርቀው ብሄድ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ለዚያ ሰው ፈጣሪ ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። ያን ቃል አዋቂ አንደበቱን አይንሳው። ደግሞም ሳያረጅ ሳይጃጅ፣ ዓመቱ ሳይዞር፣ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ፣ ሙሽራዪቱ በገዛ እጇ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ የምትወጣበት፣ የደመቀ ሰርግ ያሳየው... አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? ምላጭ ይዘህ አይሳቅም፤ ኮሌታህንም አትነካካ። ሰርግ ያሳየው ነው ያልኩት... የማን ሰርግ እንደሆነ ካርዱ አይልም። አሜን ይበሉ እንጂ ጌታዬ... ለካ አረፋው አለ። ግድ የለም፣ እኔው ስለ እርስዎ... አሜን።